ከወንዝ ዳር እስከ ማሳ፦ ምርምር ችግራችንን እንዴት ይፈታል?



«ምርምር» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ምን ይታያችኋል? ብዙዎቻችሁ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው፣ የብርጭቆ ዕቃ የተደረደረበት ክፍል፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ይታያችሁ ይሆናል። «ይሄማ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ እኔን ገበሬውን ምን አገባኝ?» የሚልም አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ በዚህ ገጽ በአገራችን የተሠሩ አራት ሥራዎችን እናወጋችኋለን። አንዱ የተነሣው ከወንዝ ዳር፣ አንዱ ከባዶ እግር፣ አንዱ ከማዕድ፣ አንዱ ደግሞ ከጤፍ ማሳ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ምርምር የማን እንደሆነና ለምን እንደሚጠቅም ራሳችሁ ፍረዱ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ተግባራዊ ምርምር ማለት ምን ማለት ነው?

ምርምር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ለማወቅ ብቻ የሚደረግ ነው። ለምሳሌ ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ቢያገኝ ዕውቀት ይጨምራል እንጂ በማግሥቱ እህል አይበዛለትም። ሁለተኛው ተግባራዊ ምርምር ይባላል። ይህ የሚነሣው ከችግር ነው። «ልጆቹ ለምን ይታመማሉ? ምርቱ ለምን አነሰ? እግሩ ለምን አበጠ?» ብሎ ይጠይቃል።

የተግባራዊ ምርምር አካሄድ አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አስተውሎ ማየት፣ ሁለተኛ መጠየቅ፣ ሦስተኛ መሞከር፣ አራተኛ ውጤቱን መመዘን፣ አምስተኛ የተገኘውን ለሌላው ማድረስ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው ሙሉ አይሆንም። አሁን ወደ ታሪኮቹ እንሂድ።

አንደኛ፦ የእንዶድ አረፋና ቀንድ አውጣ

ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ በወንዝና በመስኖ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። የታመመ ሰው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ነፍሳት በውሃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ደግሞ ውሃ የሚቀዳውን፣ የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሆድን ያሳምማል፣ ደም ያስቀምጣል፣ ሲቆይም ጉበትን ይጎዳል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ይህንኑ በሽታ ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ይገኛሉ። ሌላ ቦታ ግን ቀንድ አውጣው በሕይወት አለ። «ለምን ይሆን?» አሉ። ከሴቶቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንዲጨምሩላቸው ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ልብ በሉ! እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ነጠላና ቀሚስ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ባሕር ማዶ የተገኘ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር የሞተውን ቀንድ አውጣ ከልብስ አጠባው ጋር አያይዞ መጠየቁ ነው። ያ ጥያቄ ባይነሣ ኖሮ እንዶድ እስከ ዛሬም ሳሙና ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ዓመታት ፈጀ። የእንዶዱ ፍሬ ምን ያህል ቢጨመር ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ተለካ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉት ሌላው ተመራማሪ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየቦታው ሰብስበው አወዳደሩ፤ «44 ቁጥር» የተባለው ብርቱ ሆኖ ተገኘ። በአድዋም ከ1969 እስከ 1974 ለ5 ዓመታት ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። ከሙከራው በፊት ከ1 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 100 ሕፃናት 50ዎቹ በበሽታው ተይዘው ነበር። በመጨረሻው ግን 7 ብቻ ሆኑ። ሁለቱም ሊቃውንት በ1989 ከስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መደበቅ የለብንም። የእንዶዱ ሥራ እንደታሰበው በየአገሩ አልተስፋፋም። የውጭ ድርጅቶች ለብዙ ዓመታት «ለሰውና ለእንስሳ ደኅንነቱ ይመርመር» እያሉ ሲያቆዩት፣ በመካከሉ ትሉን ከሰው ሆድ የሚያጠፋ ክኒን ተገኘ። ዛሬ ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ያ ክኒን ነው። ክኒኑ ግን የታመመውን ያድናል እንጂ ውሃውን አያጸዳም። ልጁ ድኖ ወደዚያው ወንዝ ከወረደ ተመልሶ ይያዛል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት መቆፈር የምርምሩ ግማሽ አካል ነው። ደግሞም አደራ! እንዶድ መርዝነት አለው፤ ዓሣም ይገድላል። በግምት ወንዝ ውስጥ መጨመርም፣ መጠጣትም ክልክል ነው።

ሁለተኛ፦ «እርግማን» የተባለው የእግር እብጠት

በደጋና በወይና ደጋ፣ አፈሩ ቀይ በሆነበት አገር፣ እግሩ ያበጠ ሰው ያላየ የለም። ዝሆኔ ይሉታል። «የዘር እርግማን ነው»፣ «ይጋባል» እየተባለ ስንቱ ከሠርግና ከልቅሶ ተለይቷል? ስንቷ ልጅ በአባቷ እግር ምክንያት ባል አጥታለች?

በቆላው ትንኝ የምታስተላልፈው ዝሆኔ አለ። በደጋው ግን ያቺ ትንኝ የለችም፤ ሕሙማኑ ሲመረመሩም የትል ዘር አይገኝባቸውም። ታዲያ ከየት መጣ? ኧርነስት ፕራይስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በተለይ በ1970ዎቹ ይህን ጥያቄ ይዘው በአገራችን ተዘዋወሩ። በሽታው የት እንዳለ ከአፈሩ ጋር እያስተያዩ መዘገቡ። በሽታው የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ፣ በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ ሆነ። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚተላለፍበትን ቀጭን መስመር ያቆስለዋል። መስመሩ ሲዘጋ እግር ያብጣል።

«በባዶ እግሩ የሚሄድ ሁሉ ለምን አይታመም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት መልስ ሰጠበት። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር የሚሸነፍ ሰውነት ከወላጆቹ ይወርሳል። የሚወረሰው ይህ ተጋላጭነት ነው እንጂ እርግማን አይደለም። ጫማ ካደረገ ደግሞ አፈሩ አያገኘውም። ስለዚህ ከታመመ ሰው ጋር መብላት፣ መተኛት፣ መጋባት ምንም አያመጣም።

ሕክምናውስ? በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን እግርን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ወዲያው ጀመረ። ሁለተኛው ቡድን ሕክምናውን ከአንድ ዓመት በኋላ አገኘ። ውጤቱ በ2018 ታተመ። ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር ትኩሳትና ሕመም ሕክምናውን በጀመሩት ላይ በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ገደማ፣ ባልጀመሩት ላይ 24 ጊዜ ገደማ ተነሣ። በዓመት አምስት ጊዜ ገደማ ከሕመም መትረፍ ለገበሬ ስንት እንደሆነ በእርሻና በአጨዳ ወቅት የታመመ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ሳሙና፣ ውሃና ጫማ ነው።

ሦስተኛ፦ ጓያ

«እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ጓያ ግን የፊቱን ብቻ ሳይሆን የኋላውንም ማየት ያስፈልጋል። ጓያ ዝናብ ሲጠፋም፣ ውሃ ሲተኛም አይበገርም። ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይገኛል። ችግሩም ይኸው ነው። ሰው በክፉ ቀን ሁለት ሦስት ወር ጓያን ብቻ ሲበላ ጉልበቱ ይብረከረካል፤ እግሩ ይተሳሰራል፤ በምርኩዝ ይቀራል። የሚበዛው በወጣት ወንዶች ላይ ነው። አንዴ ከሰበረ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም።

ምክንያቱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል መርዝ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታና ዳውንት ብዙ ሰው በተጎዳ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ቤት ለቤት ዞረው «ምን በላችሁ? እንዴት አዘጋጃችሁት?» ብለው ጠየቁ። የተጎዱትን ካልተጎዱት ጋር አወዳደሩ። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት የበሉት ይበልጥ የተጎዱ ሆነው ተገኙ። በወጥ መልክ ከቅመማ ቅመም ጋር፣ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ግን የተሻሉ ነበሩ። ይህ ጥናት በ2003 ታትሟል። እንግዲህ መልሱ የተገኘው ከባልትና ነው ማለት ይቻላል።

በግብርናው በኩል ደግሞ የዘር ተመራማሪዎች «ዋሴ» የሚባል መርዙ ያነሰ የጓያ ዘር አውጥተዋል። አነሰ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። የግድ ጓያ መብላት ከመጣ ዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፋችሁበትንና የቀቀላችሁበትን ውሃ ድፉት፣ ከጤፍ ወይም ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሉት። እግር መክበድ ከጀመረ ወዲያው ተዉትና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አራተኛ፦ በማለዳ የምትከፈተው የጤፍ አበባ

ሁለት ዓይነት ዘር አዳቅሎ የሁለቱን መልካም ጠባይ በአንድ ማግኘት በስንዴና በበቆሎ የታወቀ ነው። በጤፍ ግን ለብዙ ዘመን አልሆነም። አበባዋ እጅግ ደቃቅ ናት፤ መቼ እንደምትከፈትም አልታወቀም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ የሚባሉ ተመራማሪ የጤፍ አበባ የምትከፈተው በማለዳ፣ ፀሐይ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ መሆኑን ደረሱበት። የሚገርም ነው! መልሱ ቀድሞ ተነሥቶ ማሳ ላይ መገኘት ነበር።

ከዚህ በኋላ በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የማዳቀል ሥራ ቀጠለ። ገበሬው የሚያማርረው ነገር ግልጽ ነበር። ምርቱ የሚበዛው ጤፍ እንደ ማኛ አይነጣም፤ ነጩ ጤፍ ደግሞ ምርቱ ያንሳል። ገበያ የሚከፍለው ለንጣቱ ነው፤ ጎተራ የሚሞላው በብዛቱ ነው። ሁለቱ ተዳቀሉ። ገበሬዎችም ማሳ ላይ እያዩ በምርጫው ተካፈሉ። በመጨረሻ «ቁንጮ» የተባለው ዘር በ2006 ወጣ፤ በብዙ አካባቢም ተዘራ። በአጉሊ መነጽርና በመርፌ የተሠራ ሥራ እንጀራ ሆኖ ማዕዳችን ላይ ቀረበ ማለት ነው።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?

አራቱን ሥራዎች መልሳችሁ ተመልከቱ። እንዶዱን የሚያውቁት አጣቢዎቹ ሴቶች ነበሩ። ስለ ጓያ አበሳሰል የመሰከሩት ባለቤቶቹ ናቸው። ስለ ንጣትና ብዛት የተናገረው ገበሬው ነው። ተመራማሪው ያመጣው ነገር ቢኖር የታየውን መጠየቅና በልክ መመዘን ነው። እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ።

ለምሳሌ በመስመር መዝራት ከመበተን ይሻል እንደሆነ ማወቅ ፈለጋችሁ እንበል። አፈሩ አንድ ዓይነት የሆነ ማሳ ምረጡ። ሁለት እኩል መደብ ለኩ። ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የሚዘራበት ቀን፣ አረሙ ሁሉ አንድ ይሁን። የሚለየው አዘራሩ ብቻ ይሁን። ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደጠቀመ አታውቁም። አጭዳችሁ ለየብቻ ውቁ፤ ለየብቻ መዝኑ። የተዘራበትን ቀን፣ የዘሩን መጠን፣ የዝናቡን ሁኔታና የምርቱን ኪሎ በደብተር ጻፉ። ዝናብ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በሁለተኛውም ዓመት ድገሙት። ፊደል መቁጠራችን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በቃል የተያዘ ይረሳል፤ የተጻፈው ግን ለጎረቤትም ለልጅም ይተርፋል።

ባለሙያ መጥቶ «ይህን አድርጉ» ሲላችሁም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ዝም ብላችሁም አትከልክሉ። «የት ተሞከረ? ከምን ጋር ተወዳደረ? እንደኛ ባለ አፈርና ዝናብ ላይ ነው ወይ? ጉዳቱስ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ይወደዋል።

እስቲ ዛሬ ማታ ከቡና ላይ እነዚህን ተወያዩባቸው፦

1ኛ/ በሰፈራችን ዝሆኔ ያለበት ሰው አለ? እንዴት ይዘነዋል?

2ኛ/ የምንጠጣው ውሃ ዳር ማን ይጸዳዳል?

3ኛ/ ሁላችንም የምናየው፣ ግን ማንም «ለምን?» ብሎ ያልጠየቀው ነገር ምንድን ነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ አትለፉት። የሚቀጥለው ምርምር ከዚያ ሊነሣ ይችላልና።