የልጃችን ማመልከቻና የቤታችን ገመና

«አባዬ፣ የታክስ ወረቀትህን ትሰጠኛለህ?»

ልጅቱ ይህን የጠየቀችው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ በኦክቶበር ወር ነበር። አባት «እሺ፣ እፈልገዋለሁ» አለ። ኖቬምበር ሲመጣ «ሥራ በዛብኝ» አለ። በዲሴምበር እናት ብትጠይቀው ተቆጣ። ወረቀቱ የወጣው በማርች ነው። ልጅቱን የተቀበላት ዩኒቨርሲቲ ግን ለእርዳታ የያዘውን ገንዘብ በአብዛኛው ሰጥቶ ጨርሶ ነበር።

ይህን የነገረን አባትየው ራሱ ነው፤ በአሜሪካ ከሚገኙ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ በተደረገ የባለትዳሮች ጉባኤ ላይ። «ወረቀቱ ጠፍቶ አልነበረም» አለ። «መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ገቢዬ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልጄ እንድታይ አልፈለግሁም።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ብዙዎቻችን የየራሳችንን መሳቢያ አሰብን።

የመጣንበት መንገድ

አብዛኞቻችን በአገር ቤት ማትሪክ ተፈትነን፣ ውጤት ጠብቀን፣ ወደ ተመደብንበት ተቋም ሻንጣችንን ይዘን የሄድን ነን። ቤታችን ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀን አልነበረም። ገመናን መሸፈንም ጨዋነት መሆኑን ተምረን አድገናል። በአሜሪካ ግን የኮሌጅ ማመልከቻ ከውጤት ሌላ ታሪክንም፣ ገቢንም ይጠይቃል። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት «ኮመን አፕ» የተባለው የጋራ ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል። እስከ 650 ቃላት የሚደርስ ድርሰትና ከክፍል ውጭ የተሠሩ እስከ 10 ተግባራት ይጻፉበታል። የብዙ ኮሌጆች መደበኛ የመጨረሻ ቀን በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው።

«ምንም የለኝም» ለሚል ልጅ

ስፖርት ወይም ክበብ የሌላቸው ልጆቻችን የተግባራቱን ቦታ ባዶ ሊተዉት ይቃጣቸዋል። ነገር ግን ቅጹ ለሃይማኖታዊ አገልግሎትም ሆነ ለቤተሰብ ኃላፊነት ቦታ አለው። ወላጆቹ ሥራ ላይ ሳሉ ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ ለአያቱ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉም፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የሚያስተምር ልጅ የሚጽፈው አለው። ይህን ልትነግሩት የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ ሲያደርገው ያያችሁት እናንተ ናችሁና።

ድርሰቱን ግን ልጁ ራሱ ይጻፈው። ወላጅ ወይም የተከፈለው ሰው ጽፎለት በልጁ ስም ማስገባት ውሸት ነው። የቤተሰቡን ስደት ወይም ችግር ሊጽፍ ከፈለገም አስቀድሞ ከወላጆቹ ጋር ይነጋገር፤ አባትንና እናትን ማክበር (ዘፀ. 20፥12) እዚህም ይሠራል። ወላጆችም ልጁ እውነቱን በአክብሮት ሲጽፍ ቤታችን ተዋረደ አይበሉ።

ወረቀቱን አውጡ

«ፋፍሳ» የሚባለው የፌደራል እርዳታ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ገደማ ነው። የሚጠይቀው ልጁ ኮሌጅ ከሚጀምርበት ዓመት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያለውን የታክስ መረጃ ነው። በወላጁ ስር ያለ ልጅ ቢሞላውም፣ የሚመለከተው ወላጅ መግባትና ፈቃዱን መስጠት አለበት። ካልሰጠ ልጁ የፌደራል እርዳታ አያገኝም። ታክስ በአንድነት ያሳወቁ ባልና ሚስት ከሆኑ የአንዱ መግባት ይበቃል፤ ለየብቻ ካሳወቁ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም የራሱን መግቢያ መክፈት ይችላል። ኮሌጆችና ስቴቶች የየራሳቸው ቀነ ገደብ ስላላቸው መዘግየት ገንዘብ ያሳጣል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ኤርሊ ዲሲዥን» በሚባለው መንገድ ያመለከተ ልጅ ተቀባይነት ካገኘ እዚያው ለመግባት ቃል ገብቷል፤ ወላጅም ይፈርምበታል። «ኤርሊ አክሽን» ግን እንዲህ አያስርም። ሳታነቡ አትፈርሙ። ጌታ ኢየሱስ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)። ባልና ሚስትም እንዲሁ አብረው ይቀመጡ፤ «ይህን ያህል እንችላለን፣ ይህን አንችልም» ብለው ለልጃቸው ኮሌጅ ከመምረጡ በፊት ይንገሩት።

መሳቢያው ሲከፈት

ልጅቱ በቅርብ ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርቷን ጀመረች። በሚቀጥለው ኦክቶበር አባትየው ሳይጠየቅ ወረቀቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ይቅርታ ጠየቃት። እርሷም «አባዬ፣ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ እኮ አውቃለሁ። ያላወቅሁት ለምን እንደምትደብቀኝ ነው» አለችው። ሁለት ዓመት እንደጨረሰች ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች።

ውድ ወላጆች፣ ገመናችሁን ለጎረቤት አውጡ አላልንም። ለልጃችሁ ግን ባዕድ አትሁኑበት። ልጃችሁ 12ኛ ክፍል ከሆነ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ስልካችሁን አስቀምጡ፤ አብራችሁ ጸልዩ፤ ከዚያም መሳቢያውን ክፈቱ።