ባለ ቁም ሣጥኑ ሰዓት በካዛንቺስ

ከሩቅ ለሚያየው ጠባብ ቁም ሣጥን የሚመስለው፥ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሜትር የሚያልፈው፥ በራሱ ላይ የነሐስ ገጽ፥ በሆዱ ውስጥ የተንጠለጠለ እርሳስ የተሸከመው ያ ጥንታዊ የእንግሊዝ ሰዓት፥ ለብዙ ሰው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ጌጥ ሆኖ ይታየዋል እንጂ፥ በመሠረቱ ሰማይንና ምድርን የሚያስተያይ የሥነ ፈለክ መሣሪያ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ይህም ጠባዩ ይበልጥ የሚገለጠው ከተሠራበት አገር ርቆ ሲሄድ ነው፤ በለንደን ሳለ ያለ ነቀፋ ይሠራ የነበረው ሰዓት፥ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፥ በካዛንቺስ ከሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ ቢቆም፥ ገና በመጀመሪያው ቀን ስሕተተኛ ሆኖ ይገኛልና። ስለዚህ ስለ አሠራሩ ካወሳን በኋላ፥ አገራችንን እንዲያውቅ ምን ምን ማስተማር እንደሚያስፈልገው እንመለከታለን።

የነገሩ ሥር ፔንዱለም ነው። የኔዘርላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 (ዓመታቱን፥ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) የሚወዛወዘውን ዘንግ በሰዓት ላይ ገዥ አድርጎ ሲሾመው፥ ቀድሞ በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ይስት የነበረው መሣሪያ ስሕተቱ በሰኮንድ የሚቈጠር ሆነ። ባለ እጁ ሳሎሞን ኮስተር በዘ ሄግ ከተማ የመጀመሪያዎቹን ሠራ፤ ጥበቡም ዓመት ሳይቈይ ባሕር ተሻግሮ፥ አሐሱኤሩስ ፍሮማንቴል የተባለው የለንደን ሰዓት ሠሪ በ1658 አዲሶቹን ሰዓቶች በጋዜጣ አስታወቀ። ይሁን እንጂ የእነዚህ ሰዓቶች ፔንዱለም አጭር፥ መወዛወዙም ሰፊ ስለ ነበር፥ እንደ ልብ ሊታመን አልቻለም። ሁኔታውን የለወጠው በ1670 ገደማ የተገኘው መልሕቅ መሳይ ብረት ነው፤ ፈልሳፊው ሮበርት ሁክ ነው ወይስ ዊልያም ክሌመንት በሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። መልሕቁ በሁለት ክንዶቹ የመጨረሻውን መንኰራኩር ጥርስ በጥርስ እየያዘ ስለሚለቅ፥ ፔንዱለሙ በጥቂት ዲግሪ ብቻ እንዲወዛወዝ አደረገው፤ ጠባብ መወዛወዝ ደግሞ ረጅም ዘንግ ለማንጠልጠል አስቻለ። አንዱን ጉዞውን በአንድ ሰኮንድ የሚፈጽም ፔንዱለም በለንደን 994 ሚሊ ሜትር፥ ማለት ሜትር ሊሞላ 6 ሚሊ ሜትር የጎደለው ነው፤ ይህን ዘንግና ከእርሱ ጋር የሚወርደውን እርሳስ ከነፋስ፥ ከአቧራና ከሕፃናት እጅ የሚጠብቅ መጋረጃ ሲፈለግ ነው ረጅሙ ሣጥን የተገኘው።

የሰዓቱ ኃይል ከክብደት ይመነጫል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሞላው ዓይነት እያንዳንዳቸው ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት እርሳሶች አሉት፤ አንዱ ቆጣሪዎቹን ያንቀሳቅሳል፥ ሁለተኛው ደወሉን ይመታል። የሚንጠለጠሉበት ገመድ የተፈተለው በገና ደርዳሪዎቻችን ለአውታር ከሚመርጡት ከዚያው ከበግ አንጀት ነው። ሒሳቡን ለሚወድ አንባቢ ውበቱ ያለው በጥርሶቹ ቍጥር ውስጥ ነው። ታላቁ መንኰራኩር 96 ጥርስ ሲኖረው፥ የሚነዳት ታናሽ 8 ጥርስ ብቻ አላት፤ እርስዋ የደቂቃ ቆጣሪውን ተሸክማ በሰዓት አንድ ጊዜ ስለምትዞር፥ ታላቁ በ12 ሰዓት አንድ ዙር ይፈጽማል፤ ገመዱም ከታላቁ ጋር በሚዞረው ከበሮ ላይ 16 ጊዜ ስለሚጠመጠም ሰዓቱ 192 ሰዓት፥ ማለት 8 ቀን ሙሉ ይሠራል። ሳምንቱ 7 ቀን ሆኖ ሳለ ሠሪዎቹ ስምንተኛውን ቀን መጨመራቸው፥ በየእሑዱ የሚሞላው ሰው አንድ ቀን ቢዘነጋ ምሕረት እንዲያገኝ ነው። የመጨረሻው መንኰራኩር 30 ጥርስ አለው፤ መልሕቁ እያንዳንዱን ጥርስ ሁለት ጊዜ ስለሚያግደው፥ በ60 ምት፥ ማለት በትክክል በአንድ ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ የሰኮንድ ቆጣሪው ምንም ተጨማሪ መሣሪያ ሳይፈልግ በራሱ ዘንግ ላይ ይሰካል።

ልምድ ያለው ሰዓት ሠሪ ገና ሣጥኑን ሳይከፍት ጆሮውን ያቀናል፤ በቀኝና በግራ የሚሰማው ምት እኩል ካልሆነ ሰዓቱ ቀጥ ብሎ አልቆመም ማለት ነውና። ደግሞም ብዙ ባለቤቶችን ያስገረመ አንድ ጠባይ አለው፤ ሣጥኑ ከግድግዳ ጋር ካልታሰረ፥ እርሳሶቹ ወርደው ከፔንዱለሙ ዕንክብል ጎን በሚደርሱበት ቀን፥ አብረው መወዛወዝ ጀምረው ኃይሉን ይቀሙታል፤ ሰዓቱም ሳይታሰብ በሳምንቱ አጋማሽ ቀጥ ይላል።

ስለ ገጹና ስለ ሣጥኑ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋልና እኔ አላበዛም። የጥንቶቹ ገጾች አራት ማዕዘን የነሐስ ሰሌዳዎች ሆነው፥ በብር የተለቀለቀ የቍጥር ክበብ በላያቸው ተጠርዞ፥ አራቱ ማዕዘናት ክንፍ ባላቸው የኪሩቤል ፊቶች ያጌጡ ነበሩ፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ከላይ ቅስት ተጨመረ፤ ከ1770 ዓመታት ጀምሮ ደግሞ ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት ገጽ ገበያውን ወረሰው። ቀለም የተቀባው በደብዛዛ ብርሃን ለማንበብ ቢቀልም፥ አበባና ወፍ የበዛበት በመሆኑ ለእኔ የሚያምረኝ የነሐሱ ነው። በገጹ ላይ የተጻፈውን ስም ግን ማንም ፈጥኖ እንዳያምን፤ በተለይ በኋለኛው ዘመን ብዙ ጊዜ ሻጩ እንጂ ሠሪው አይደለም። ሣጥኖቹ በመጀመሪያ በዞጲ ልባጥ፥ ቀጥሎ በዋልነት፥ ከዚያም በማሆጋኒ ተሠርተዋል፤ የገጠር ሰው በአገሩ ጽኑ እንጨት፥ በኦክ፥ ይረካ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰዓት ካዛንቺስ ገባ እንበል። መጀመሪያ መቆሚያው ይታሰብ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ተብሎ በተቈረቈረው በዚህ ሰፈር፥ ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከመነሣታቸው በፊት፥ የቆዩት የጭቃ ቤቶች ግድግዳ ለእንዲህ ያለ ጭነት ማሰሪያ የሚታመን አልነበረም፤ ለአዲሱ ብሎኬት ግን አንድ ብሎን ይበቃል። ግድግዳ የማያቃናው ችግር ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፥ ከምድር ወገብም 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ስለምትገኝ፥ የምድር ስበት በዚህ ከለንደኑ በሺህ 4 እጅ ያህል ያንሳል፤ ስበት ሲያንስ ፔንዱለም ይለግማል። በለንደን የተስተካከለው ሰዓት፥ ማንም ሳይነካው፥ በካዛንቺስ በቀን ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሳምንት ከሩብ ሰዓት የሚበልጥ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ በዕንክብሉ ሥር ያለውን ብሎን አዙሮ ዕንክብሉን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ማንሣት ነው።

ይህን ነገር ዓለም ያወቀው በአንድ ፈረንሳዊ ምክንያት ነው። ዣን ሪሼ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1672 በደቡብ አሜሪካ በካየን ሆኖ ከዋክብትን ሲመለከት፥ በፓሪስ ያስተካከለው ሰዓት በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ሲዘገይ አየ፤ ኒውተንም በ1687 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ፥ ምድር በወገቧ የተነፋች፥ በዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያለች ለመሆኗ ይህን እንደ ምስክር ጠቀሰው። ካየን በምድር ወገብ አጠገብ ብትሆንም ከባሕር ዳር ናት፤ የእኛ ከተማ ግን የወገቡንም የከፍታውንም ጕድለት በአንድነት ተቀብላለች። በአንጻሩ የአዲስ አበባ አየር ለዘንጉ ርኅሩኅ ነው፤ ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ሰዓቱን በቀን ግማሽ ሰኮንድ ያህል ያዘገያልና፥ ጆርጅ ግራሃምና ጆን ሃሪሰን በሜርኩሪና በነሐስ ዘንጎች ሊያቃኑት የደከሙበት የክረምትና የበጋ ልዩነት በዚህ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት አቈጣጠር ነው። ከካዛንቺስ ቁልቁል ሲወርዱ፥ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. የተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በዚህ አካባቢ ለባዕዱ እንግዳ 9 ሰዓት የሆነው ቀጠሮ ለአገሬው 3 ሰዓት ነው፤ ስንት ስብሰባ በዚህ ምክንያት ባዶ ወንበር እንደ ጠበቀው እግዚአብሔር ይወቀው። ለእኔ የእኛ አቈጣጠር ለእኛ ሰማይ የተገባ ነው። በለንደን የበጋው ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ሲረዝም የክረምቱ ከ8 ሰዓት ያንሳልና፥ ከንጋት እቈጥራለሁ የሚል ሰው መነሻው በየቀኑ ይሸሸዋል፤ በአዲስ አበባ ግን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፥ ንጋት የታመነ መነሻ ነው። የካዛንቺስ ጎረቤት የሆነው ደብር የሚጠራበት ቅዱስ ዑራኤል፥ በመጽሐፈ ሄኖክ እንደ ተጻፈ፥ የብርሃናትን ሥርዐት ለሄኖክ ያሳየው መልአክ ነው፤ በዚያም መጽሐፍ መዓልትና ሌሊት 18 ክፍል ሆነው፥ በረጅሙ ቀን መዓልቱ 12፥ ሌሊቱ 6 እጅ ይደርሳል። ይህ መጠን ከእኛ ሰማይ ይልቅ ለሰሜኑ አገር፥ ለዚህ ሰዓት አገር ሰማይ የቀረበ መሆኑ ያስገርማል።

የሁለቱ አቈጣጠር ልዩነት 6 ሰዓት፥ ማለት የገጹ ግማሽ ነውና፥ ሰዓቱን ሳይነኩ ለማንበብ የሰዓት ቆጣሪውን ጫፍ ትቶ ጭራው ወደሚያመለክትበት ማየት ይበቃል። ዓይን እንዲህ ሊታለል ይችላል፤ ጆሮ ግን አይታለልም፤ በጧቱ 1 ሰዓት ደወሉ 7 ጊዜ ይመታልና። ኤድዋርድ ባርሎው በ1676 ባወጣው ሥልት በተሠሩት ሰዓቶች፥ የምቱ ቍጥር ከሰዓት ቆጣሪው ጋር በቀንድ አውጣ ቅርጽ በተሠራ ብረት የተያያዘ ስለሆነ፥ ቆጣሪውን 6 ሰዓት ወደ ፊት መግፋት ደወሉንም ያስተካክለዋል፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን መሣሪያውን ይጎዳል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓይነት፥ ምቱ የሚቈጠረው ጠርዙ በተከፋፈለ መንኰራኩር ስለሆነ፥ ቆጣሪውና ደወሉ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ባለቤቱ ከፈለገ ገጹን ለእንግዳ፥ ደወሉን ለራሱ ሊያደርገው ይቻለዋል።

በእነዚህ ሣጥኖች መዝጊያ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የታተመ ሰንጠረዥ ተለጥፎ ይገኛል። የፀሐይ ጥላ የሚያሳየው ሰዓትና መሣሪያው የሚያሳየው እኩል ጊዜ በዓመት ውስጥ እስከ 16 ደቂቃ ስለሚለያዩ፥ ባለቤቱ በፀሐይ ሰዓት ሲያስተካክል ስንት ደቂቃ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚነግር ነው። በካዛንቺስ ለሚቆም ሰዓት በሰንጠረዡ ላይ 25 ደቂቃ ይታከላል፤ የአገራችን ሰዓት በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ሲወሰን፥ ከተማዋ ግን ከዚያ በስተ ምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ርቃ ትገኛለችና፥ ሰዓቱ 6 ሲመታ ፀሐይ ገና ወደ አናት ትወጣለች። ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ሰዓት ይለዩ የነበሩት አባቶች ይህ ልዩነት አይገጥማቸውም ነበር።

የቀረው ቀንና ጨረቃ ነው። በገጹ ቅስት ውስጥ የምትታየው ጨረቃ 118 ጥርስ ባለው ክብ ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ተሥላለች፤ ሰሌዳው በቀን ሁለት ጥርስ ሲገፋ በ59 ቀን ሁለት የጨረቃ ወር ይፈጽማል፤ አንዱን 29፥ አንዱን 30 እያፈራረቀ ለሚቈጥር የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ይህ ሒሳብ እንግዳ አይሆንበትም። ጨረቃዋ እንግዲህ ምንም ትምህርት አያስፈልጋትም። የቀኑ ክበብ ግን 31 ክፍል ያለው፥ ለአውሮፓ ወር የተሠራ ነው፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ አንድ ክፍል በእጅ ማሳለፍ ግድ ነው። ቀኑ መቼ እንደሚለወጥ ለመምረጥ ግን ሰዓቱ ነጻነት ይሰጣል፤ ቆጣሪው 6 ሰዓት ወደ ፊት ከተገፋ፥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ቀኑ ማታ በ12 ሰዓት ይለወጣል፤ 18 ሰዓት ከተገፋ ግን እንደ ሕዝቡ ልማድ በንጋት ይለወጣል። ጳጕሜን ሲመጣ ባለቤቱ ጥቂት ይደክማል፤ ጳጕሜን 5 ቀን በሆነችባቸው ዓመታት መሣሪያው ራሱ ወደ 6 ስለሚሻገር፥ መስከረም 1ን ለማግኘት ክበቡን 26 ጥርስ በእጅ መግፋት አለበት፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፥ ጳጕሜን 6 ስትሆን፥ 25 ይበቃዋል።