የወርቅ መስመር

በጋምቤላ ክልል ዲማ ወረዳ ወርቅ አጣቢዎች የወንዝ አሸዋ በውሃ እያጠቡ ቢጫ ቅንጣት ይለቅማሉ። በዚያው ክልል በየጤና ኬላው ደግሞ ሌላ ወርቅ አለ፤ ያኛው ቀይ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ጣቱን ተወግቶ ደሙ በወባ መመርመሪያዋ ላይ ሲያርፍ፣ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ብቅ የምትለው ቀይ መስመር ከወርቅ የተሠራች ናት።

ወርቅ እንዴት ይቀላል? ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1857 ለንደን ላይ ቀይ ፈሳሽ ይዞ ቀረበና ቀለሙ የመጣው በውስጡ ከተበተነ እጅግ ደቃቅ ወርቅ መሆኑን አስረዳ። ዛሬም የወርቅ ጨው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲትሬት ሲጨመርበት ገርጣጣው ቢጫ በደቂቃዎች የወይን ጠጅ ይመስላል። መመርመሪያ ውስጥ የሚገቡት ቅንጣቶች 40 ናኖሜትር ያህል ናቸው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ወርቅ እንዲህ ሲደቅ ኤሌክትሮኖቹ በብርሃን አብረው ይወዛወዛሉ፣ አረንጓዴውን ይውጡታል፣ ቀዩ ያልፋል።

እያንዳንዱ ቅንጣት ፀረ እንግዳ አካል ለብሷል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ በደም ውስጥ የሚረጨውን ኤችአርፒ-2 የተሰኘ ፕሮቲን ሲያገኝ ይይዘዋል። ተያይዘው ሲፈስሱ መስመሩ ላይ የተተከለ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ያስቀራቸዋል፤ ብዙ ሆነው ሲከማቹ በዓይን ይታያሉ።

ተውሳኩ ያን ፕሮቲን መሥራት ቢተውስ? ኤርትራ ውስጥ እንዲህ ያለ ተውሳክ በብዛት ከተገኘ በኋላ ጥያቄው ድንበር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ድንበር አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መረመሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ዓይነት መመርመሪያ ተጠቀሙ። በአንዳንዶቹ ላይ የኤችአርፒ-2 መስመር ባዶ ሆኖ የሌላ ፕሮቲን መስመር ቀላ። በወረቀት ላይ የደረቀው ደማቸው በላቦራቶሪ ሲነበብ ኤችአርፒ-2ን የሚያዘው ዘረመል ከተውሳኩ ጠፍቶ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት ያስደነግጣል። በኤችአርፒ-2 ብቻ ቢመረመር ከ100 የፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 ያህሉ «ወባ የለብህም» ተብለው ይመለሱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው ከ100 አምስት ሲያልፍ ነው። ፋልሲፓረም ካልታከመ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በትኩሳት የሚነድ ልጇን ታቅፋ በባዶ መስመር ምክንያት ያለ መድኃኒት ወደ ቤቷ የምትመለሰውን እናት ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሀገሪቱ መመርመሪያውን ለመለወጥ ወሰነች። አዲሱ የሚፈልገው ፒኤልዲኤች የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ተውሳኩ ከስኳር ኃይል የሚያገኘው በእሱ ስለሆነ ጥሎት መኖር አይችልም።