ባሕር ሳትወርድ የባሕርን ወለል የሳለችው

የማሪ ታርፕ ስም የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከሥራ ባልደረባዋ ከብሩስ ሂዘን በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ።

ታርፕ በ1920 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ሚሺጋን ተወለደች። አባቷ ለመንግሥት የአፈር ካርታ ለመሥራት ከቦታ ቦታ ይዞር ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ስትቀያይር አደገች። ጂኦሎጂ ያስገባት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ወንዶቹ ሲዘምቱ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ክፍል ለሴቶች በሩን ከፈተ። በ1948 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረች።

ሥራው እንዲህ ነበር፦ መርከብ ወደ ባሕሩ ወለል ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ያሳውቃል። ያኔ ሴት በምርምር መርከብ አትሳፈርም ነበርና፣ ሂዘን ቁጥሩን ከባሕር ያመጣል፤ ታርፕ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን ተራራና ገደል አድርጋ ትስለዋለች። በ1952 የሰሜን አትላንቲክን ልኬቶች ጎን ለጎን ስትደረድር፣ ውቅያኖሱን መሐል ለመሐል በሚያቋርጠው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ የተዘረጋ ጥልቅ ሸለቆ አየች። ወለሉ እየተሰነጠቀ፣ አህጉራቱም እየተራራቁ ነው ማለት ነው! አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ማለት በአሜሪካ ምሁራን ዘንድ እንደ ኑፋቄ በሚታይበት ዘመን፣ ሂዘን ነገሩን የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው።

ሂዘንን የረታው ሌላ ካርታ ነው። ሃዋርድ ፎስተር የተባለ ባልደረባቸው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣባቸውን ቦታዎች በተመሳሳይ ልኬት በነጥብ ያሰፍር ነበር። ሁለቱ ካርታዎች ሲነባበሩ ነጥቦቹ ሸለቆው ላይ አረፉ። መስመሩን በሕንድ ውቅያኖስና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ሲከተሉት ደግሞ ከባሕር ወጥቶ ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር ተገናኘ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የተጓዘ ሁሉ የዚያን የባሕር ውስጥ ሸለቆ የሥጋ ዘመድ ያውቀዋል።

ግኝቱ በ1956 ሲታተም ግን ጽሑፉ ላይ የሰፈሩት የሂዘንና የአለቃቸው የሞሪስ ዩዊንግ ስሞች ነበሩ። የሸለቆውን መኖር ያላመነው ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ በካሜራው ሸለቆውን ቀርጾ በ1959 ኒውዮርክ ላይ ለጉባኤ አሳየ። ለሂዘንም እውነቱን እንስጠው፤ ታርፕ ከቢሮ ስትገለል እቤቷ ሆና ካርታውን እንድትቀጥል ያደረገው እሱ ነው። እሷም መርከብ ላይ የወጣችው በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ስለ አህጉራት መንቀሳቀስ የነበረው ዋናው ክርክር ካለቀ በኋላ ነው። የመላው ዓለም የውቅያኖስ ወለል ካርታ በ1977 ተጠናቀቀ፤ ሂዘን በዚያው ዓመት ሞተ።

ታርፕ ያረፈችው በነሐሴ 2006 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በመስከረም 2005፣ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድር በጥቂት ሳምንታት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ፣ ባሕር ውስጥ የሚከናወነው መላቀቅ በየብስ ላይ ታየ።