ውዝዋዜና ስዊንግ፦ ከሃርለም እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ወሎ ደጋ

(በአቀስታ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በጥቂቱ የተስተካከለ)



አቀስታ ላይ ስለ እስክስታ መናገር ቤት የሚመታ ርእስ ነው። ይሁንና የዛሬው ነገሬ ከለጋምቦ እጅግ ርቆ፣ በኒውዮርክ ከተማ ሃርለም ከሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ይጀምራል። ምክንያቴን በቅድሚያ ልግለጽ። አንድ ሕዝብ የፈጠረው ውዝዋዜ ዓለምን ሲዞር የፈጣሪዎቹ ስም አብሮ ይዞራል ወይስ በመንገድ ይቀራል? ጥያቄው የሃርለም ብቻ አይደለም፤ የወሎም ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የባሕር ማዶው ታሪክ ከእኛው ጋር እንዳይምታታ ነው።

ስዊንግ የሚለው ቃል በቀጥታ ሲፈታ መወዛወዝ ማለት ነው። እኛም ጭፈራችንን ውዝዋዜ እንላለን። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ለአንድ ጉዳይ አንድ ዓይነት ሥዕል መምረጣቸው ደስ ይለኛል፤ ከዚህ የዘለለ ዝምድና ግን አልሰጠውም።

ሳቮይ የተባለው የዳንስ አዳራሽ በሃርለም ሌኖክስ ጎዳና ላይ የተከፈተው በ1926 ነበር። የሙዚቃ መድረኩ ሁለት ስለ ነበር አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፤ ዘፈን አይቋረጥም። ጥቁርና ነጭ በአንድ ወለል ላይ መደነሱ በዚያ ዘመን አሜሪካ ብርቅ ነበር፤ በሳቮይ ግን የተለመደ ነው። የቤቱ ባንድ መሪ ቺክ ዌብ የተባለ ከበሮ መቺ ነበር፤ በልጅነቱ በያዘው የአከርካሪ ሕመም ምክንያት ቁመቱ ያጠረ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ እጁ ግን አቻ ያልነበረው ሰው። በ1937 ቤኒ ጉድማን ባንዱን ይዞ ሳቮይ ድረስ መጥቶ ከእርሱ ጋር ገጠመ። ጉድማን ነጭ አሜሪካዊ ሲሆን ጋዜጦች «የስዊንግ ንጉሥ» ይሉት ነበር። በዚያ ምሽት ሕዝቡ ለዌብ ፈረደ። የንጉሥነቱ ማዕርግ ግን ዛሬም በብዙ መጻሕፍት የጉድማን ነው።

በዚያ ወለል ላይ የተወለደው ውዝዋዜ ሊንዲ ሆፕ ይባላል። ስሙ አትላንቲክን በ1927 ብቻውን በአውሮፕላን ካቋረጠው ከሊንድበርግ ጋር ይያያዛል። ጉልበት እጥፍ፣ ወገብ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ ደናሾች ክብደታቸውን አንዱ በሌላው እጅ ላይ ጥለው ይሳሳባሉ፣ ከዚያም ይለያያሉ፤ በተለያዩበት ቅጽበት እያንዳንዱ የራሱን ይፈጥራል። በ1935 ፍራንኪ ማኒንግ የተባለ ወጣት የዳንስ ጓደኛውን በጀርባው ላይ አሳልፎ በአየር አገላበጣት፤ ከዚያ ወዲህ በአየር ላይ የሚደረገው እንቅስቃሴ የሊንዲ ሆፕ መታወቂያ ሆነ። ማኒንግና ኖርማ ሚለር ከቡድናቸው ጋር በ1941 በተሠራው «ሄልዛፖፒን» ፊልም ላይ ደንሰዋል። ዛሬም ሲታይ ትንፋሽ ያስይዛል። የለበሱት ግን የምግብ አብሳይ፣ የአገልጋይና የመሰል ሠራተኞች ልብስ ነበር። የዘመኑ ፊልም ሠሪዎች የጥቁሮችን ትርኢት ከታሪኩ ነጥለው የማስገባት ልማድ ነበራቸው፤ የደቡብ ግዛት ሲኒማ ቤቶች ቢሹ ታሪኩ ሳይጓደል ቆርጠው እንዲጥሉት።

አሁን ወደ ምቱ ልለፍ። የስዊንግ ሙዚቀኛ አንዱን ምት ለሁለት እኩል አይከፍለውም። ለሦስት ይከፍለውና ሁለቱን ክፋይ አጣብቆ ረጅም፣ የቀረችውን አጭር ያደርጋታል፤ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያለ ሙዚቃው ይንሳፈፋል። የእኛ ችክችካም መሠረቱ ሦስትዮሽ ነው። ሠርግ ቤት ከበሮውን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ እጅ ሲያጨበጭብ ትከሻ በጭብጨባው መካከል ባለው ክፍተት ይገባል። ሰውነት የሚመልስበት ቦታ ግን ይለያያል። የሃርለሙ ደናሽ በጉልበቱና በእግሩ ሲመልስ የእኛው እግሩን አደላድሎ በትከሻው፣ በደረቱና በአንገቱ ይመልሳል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መጋጠም፣ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ማሟሟቅ፣ አውጪው ሲጥል ተቀባዩ ማንሣት በሁለቱም ዘንድ አለ።

ከዚህ ተነሥቶ «ስዊንግ ከእኛ የሄደ ነው» የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ እሰማለሁ። አልቀበለውም። በባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙት አፍሪካውያን በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነበሩ። የሌላውን ፈጠራ የራስ ማድረግ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የተፈጸመውን በደል መድገም ይሆንብናል።

እውነተኛው ግንኙነት ሌላ ነው፤ ከተረቱም ይበልጣል። አርኖልድ ፎርድ የተባለው የባርቤዶስ ተወላጅ ሙዚቀኛ፣ የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር የሙዚቃ መሪ የነበረው፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከሃርለም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በ1935 በዚያው ዐረፈ። ባለቤቱ ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ በኋላ የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት መሠረተች። በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደው ደግሞ የወሎው ተወላጅ ዶክተር መላኩ በያን ነው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ፣ ጣሊያን አገራችንን ከወረረ በኋላ በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ ጥቁር አሜሪካውያንንም ለኢትዮጵያ አሰለፈ። ቺክ ዌብ ጉድማንን የረታው በዚያው በ1937 መሆኑን ልብ በሉ። በ1940 በዚያው በአሜሪካ ሞተ።

ከነጻነት በኋላ የስዊንግ ድምፅ አዲስ አበባ ገባ። መሬቱን ያለሰለሱት አርመኖች ናቸው። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ ወላጅ አልባ ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነፋስ መሣሪያን አስተማሩ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራ አሠለጠነ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች የአሜሪካን ትልቅ ባንድ አቀማመጥ ወሰዱ፤ ትራምፔት ሲጥል ሳክስፎን ይመልሳል። ቅኝቱ ግን የእኛው ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲያሰማ የማንንም አሜሪካዊ እጅ አልቀዳም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ሰብስቦ ያሳተመውን መጽሐፍ «አቢሲኒ ስዊንግ» ብሎ ሰየመው፤ ስያሜው ተገቢ ነው እላለሁ።

በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ራሱ ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ሠራ። በዓመቱ ኤሊንግተን ሞተ፣ የንጉሡ መንግሥትም ወደቀ። ተከትሎ የመጣው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጭፈራ ለዓመታት ዘጋው።

ወደ ወሎ ስመለስ ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የእኛው ቦታዎች ስም ናቸው። ቦታው ተጠርቷል፤ ሰዎቹስ? በደርግ ዘመን የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ ላሊበላ ኪነትን ጨምሮ፣ የገጠሩን ውዝዋዜ ወደ መድረክ አወጡት። ውለታቸው ትልቅ ነው፤ ማሪቱ ለገሠን ያህል ድምፃዊት አገር ያወቀው በዚያ መንገድ ነው። ድምፃዊው በስሙ ሲታወቅ ተወዛዋዡ ግን «የወሎ ጭፈራ» በሚል የወል ስም ውስጥ ጠፋ። አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት ሰልፍ፤ ከቦረናና ከሣይንት ሰው የለጋምቦው በምን እንደሚለይ መድረኩ አያሳይም። አዝማሪን አሳንሶ ማየታችንም ረድቶታል፤ የናቁትን ሰው ስም ማን ይጽፋል?

ሳቮይ በ1958 ተዘጋ፤ በኋላም ፈረሰ። ማኒንግ ዳንሱን ትቶ ፖስታ ቤት ተቀጠረ፤ በዚያም ሠላሳ ዓመት ያህል ሠራ። በ1980ዎቹ ከአሜሪካም ከስዊድንም የተነሡ ወጣቶች በአሮጌ ፊልም ያዩትን ሰው ፈልገው አገኙት። ሊያገኙት የቻሉት ስሙ ስለ ነበራቸው ነው። እስከ 2009 ዕረፍቱ ድረስ ከአገር አገር እየዞረ አስተማረ።

ከታዳሚዎች አንዱ «ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ አጭር ነው። ተማሪዎቻችን በጥር ወር ሠርግ በስልካቸው ይቀርጻሉ። ባለቤቶቹን አስፈቅዱ፤ ከቅጂው ጋር የተወዛዋዡን ስም፣ ቀበሌውን፣ ከማን እንደ ተማረና ያንን አንገት አጣጣል ራሱ ምን ብሎ እንደሚጠራው ጻፉ። ሴቶቹን አትዝለሉ፤ ከበሮውን የሚይዙት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።