ያ የልጅነት አይብ የትኛው ነበር? በመልኩ፣ በሽታውና በጣዕሙ ለመለየት

ከገጠር ወጥተው በከተማ የኖሩ ሰዎች ስለ አይብ ሲነሳ አንድ ጥያቄ አያጡም። አንዱ በልጅነቱ የቀመሰው ቢጫ፣ ጣፋጭና በቢላዋ የሚቆረጥ እንደነበር ያስታውሳል። ሌላው ደግሞ ምላስ የሚቆነጥጥ፣ ሽታው ከጓዳ እስከ ደጅ የሚሰማ ነበር ይላል፤ ስሙ ግን ከአእምሮው ጠፍቷል። ስም ቢጠፋም የአሠራሩ ምልክት በመልኩና በጣዕሙ ላይ ስለሚቀር፣ ጥቂት ነገሮችን በማስታወስ ብቻ አይቡን መለየት ይቻላል።

መነሻው ሁላችንም የምናውቀው ነጭ አይብ ነው። ወተቱ ተጠራቅሞ እርጎ ይሆናል፤ እርጎው ተንጦ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በዝግታ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። በግምት ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ግራም አይብ ይገኛል። ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው ውኃ ሲሆን፣ ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣለት ቅባቱ እጅግ አነስተኛ ነው። እንግዲህ የሚታወሰው አይብ ነጭ፣ ፍርፍር የሚልና ለስለስ ያለ ኮምጣጣ ከሆነ ይኸው ነው። ፍርፋሪው ሻካራና ላስቲክ መሰል፣ ጣዕሙም የበሰለ ወተት የሚመስል ከነበረ፣ እሳቱ በዝቶበት የወጣ ያው አይብ እንጂ ሌላ ዓይነት አይደለም። ወደ ቢጫ ያደላና ለምላስ የሚወፍር ከሆነ ደግሞ፣ የናጠችው እጅ ቅቤውን አሟጥጣ አላወጣችውም ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ ሆን ተብሎ እንዲህ የሚደረግበት ቤትም አለ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ ትኩስ ነገር ላይ ሲደረግ ይቀልጥ ነበር ወይ የሚለው ነው። የአገራችን አይብ የሚረጋው በእርጎው ኮምጣጤነትና በሙቀት ነው። ኮምጣጤው የወተቱን ፕሮቲን አያይዞ የሚይዘውን ካልሲየም ስለሚያሟሟው፣ እንዲህ ያለው አይብ በጋለ ምጣድ ላይ ቢደረግ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል እንጂ አይቀልጥም፤ እንደ ክርም አይሳብም። የሚሳበው በተለምዶ ፎርማጆ የምንለው ነው። በአገር ውስጥ ፋብሪካዎች የሚመረተውና ከጣሊያኖች የተወሰደው ፕሮቮሎኔ ከዚህ ወገን ነው። እሱ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ወይም ያንኑ ሥራ በሚሠራ ማርጊያ ሲሆን፣ ከረጋ በኋላም በሙቅ ውኃ ውስጥ እየተለወሰና እየተሳበ ይሠራል። ስለዚህ የሚሳብ አይብ የሚያስታውስ ሰው፣ ትዝታው ከአያቱ ጓዳ ሳይሆን ከከተማ ሱቅ ወይም ከምግብ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ያ ቢጫውና ጣፋጩ ነው። ብዙውን ጊዜ አይብ ሳይሆን እንገር ነው። ላም በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታለበው እንገር ከተራው ወተት እጅግ የበዛ ፕሮቲን ስላለው፣ እሳት ሲነካው ያለ ምንም እርሾ ይረጋና ጥብቅ ብሎ ይቆማል። ስላልቦካ አይኮመጥጥም፤ ቢጫነቱም ላሟ ከበላችው ለምለም ሣር የመጣ ቀለም ነው። ገበያ ላይ የማይገኘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከወለደች ላም ደጅ ውጪ የለም። ልጆች የሚወዱት ይህ ጣፋጭ ግን ባለቤት አለው። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልበት ኃይል እምብዛም የለውም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱም ይህን መከላከያ ሳይፈጭ የሚያሳልፈው በተወለደበት የመጀመሪያ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየደከመ ይሄዳል። አርቢው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ጥጃውን አጥግቦ ሊያጠባ ይገባል። ለቤት የሚቀቀለው ከዚያ የተረፈው ነው።

ምላስ የሚቆነጥጠው ሌላ ነው። ጠያቂው የምዕራብ ጎጃም ወይም የአዊ ሰው ከሆነ፣ መልሱ መጣጣ አይብ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አጠራሩ ከቦታ ቦታ ጥቂት ይለያያል። አይቡ አጓቱ እየወጣለት በዕቃ ይጠራቀማል፤ በላዩም አዲስ አይብ እየተጨመረ፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ባሉ ቅመሞች ተለውሶ ለሳምንታት እንዲብላላ ይተዋል። ትኩስ አይብ ቢበዛ ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው፤ መጣጣው ግን ወራትን ይሻገራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ላሟ ወተቷን እንደማታቋርጥ ለሚያስብ ሰው የዚህ ጥበብ ጥቅም ግልጽ ነው። በእኔ እይታ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ወተትን ለማቆየት በአካባቢያችን ከተፈለሰፉት ዘዴዎች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፤ በከተማ ገበያ የማይታወቅ መሆኑም ያስቆጫል።

ጭስ ጭስ ማለት ራሱን የቻለ ዓይነት አይደለም። ዕቃው በወይራ መታጠኑን ብቻ ነው የሚነግረን። ጤና አዳም የሚሸት ከሆነም ቅጠሉ አብሮ ተደርጎ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን አይብ ሲያምራቸው ወተት አፍልተው በሎሚ ያረጉታል፤ ወይም ሪኮታ የሚባለውን የጣሊያን አይብ ይገዛሉ። መልኩ ተመሳሳይ ነው፤ ጣዕሙ ግን ያልቦካና ወደ ጣፋጭነት ያደላ ስለሚሆን አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማቸዋል። የጎደለው የእርጎው ነው፤ ወተቱ አስቀድሞ ቢረጋና ቢናጥ ልዩነቱ በአብዛኛው ይጠፋል።

ያን ጣዕም እንደገና ለመሥራት የሚነሳ ሰው ግን አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። አሬራው የሚሞቅበት ለስላሳ እሳት፣ ያልፈላ ወተት ይዞት የመጣውን ጀርም ሁሉ ይገድላል ተብሎ አይታመንም። ከላም ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተትና በውጤቶቹ ሊመጡ ይችላሉ። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን አደጋው የበረታ ነው። ወተቱ መጀመሪያ ቢፈላ፣ ወይም በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ፣ ከዚያም ለብ ሲል ከፋብሪካ የወጣ እርጎ በማንኪያ ተጨምሮበት ቢረጋ፣ ቀሪው ሥራ እንደ ጥንቱ ነው። አጓቱ ሲጠለል እጅና ጨርቁ ንጹሕ ይሁኑ፤ ከፈላ ወተት የተሠራ አይብ ዳግም የሚበከለው እዚህ ላይ ነውና።