የብስክሌትና የሞተር ብስክሌት መድን፦ የትኛው ሽፋን ማንን ይክሳል?

ካራቆሬ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ካራቆሬን አቋርጦ ያልፋል። በዚሁ መንገድ ላይ ብስክሌት፣ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ከከባድ መኪና ጋር ይጋፋሉ።

አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሞተር ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ሞተር ብስክሌትና ባጃጅም በዚህ ግዴታ ሥር ናቸው። በእግር የሚዘወር ብስክሌት ግን ግዴታው አይመለከተውም።

ይህ የግዴታ መድን የሚክሰው በተሽከርካሪው የተጎዳውን ሌላ ሰውና የሌላውን ንብረት ነው። የራስ ሞተር ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ወይም ተገልብጦ ቢሰበር ባለቤቱ በዚህ ውል ካሳ አያገኝም፤ ለዚያ ሙሉ ሽፋን ወይም የእሳትና የስርቆት ሽፋን ያስፈልጋል። ሞተሩ በብድር የተገዛ ወይም የቤተሰብ መተዳደሪያ ከሆነ ተጨማሪውን አረቦን መክፈል ከኪሳራ ያድናል።

ብስክሌተኛ በመኪና ቢገጭ ሦስተኛ ወገን ስለሆነ የገጪው መድን ይክሰዋል። ገጪው ቢሰወር ወይም መድን ባይኖረው፣ ለአካል ጉዳትና ለሞት ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ በአዋጁ ተቋቁሟል። ተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብትም አለው።

ውል ከመፈረም አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል፦ ሽፋኑ የማይጨምረው ጉዳት ምንድን ነው? ከጉዳቱ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ስንት ነው? ሞተሩን ሌላ ሰው ሲነዳ ሽፋኑ ይጸናል? አደጋ ሲደርስም በንግድ ሕጉ መሠረት በ5 ቀናት ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ ያስፈልጋል።